ገጣሚው ከፈር ሲወጣ፦ የህዳሴ ዘመን የፍቅር ትረካ ግጥም አነባበብ መመሪያ

ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ ይህ ነው፦ «የሄሮና የሊያንደርን ግጥም እያነበብኩ ነበር። ፍቅሩ ሲጋጋል ገጣሚው ሁለቱን ትቶ ስለ አማልክት መልእክተኛው ስለ ሜርኩሪና ስለ አንዲት እረኛ ማውራት ጀመረ። መቶ ስንኝ ፈጀበት። ይህ ክፍል ምን ይሠራል? ብዘለውስ?»

አትዝለሉት። በአውሮፓ ህዳሴ ዘመን በተጻፉ የፍቅር ትረካ ግጥሞች ውስጥ ገጣሚው ከፈር የሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ ዋናው ታሪክ ያልተናገረው ነገር የተቀመጠበት ነው። ይህን በድርሰት ለማስረዳት ግን «ለማሳመር የገባ ነው» ማለት አይበቃም። የት እንደወጣ፣ የት እንደተመለሰ፣ ሲመለስ ምን ይዞ እንደመጣ በስንኝ ቁጥር ማሳየት ይኖርባችኋል። ዋናው ማሳያችን የእንግሊዛዊው ገጣሚ የክሪስቶፈር ማርሎ «ሄሮ እና ሊያንደር» ነው፤ ባሕር እየዋኘ ወደ ፍቅረኛው ወደ ሄሮ የሚሻገረውና በመጨረሻ የሚሰጥመው የሊያንደር ታሪክ። ለማነጻጸሪያ የሼክስፒርን «ቬነስ እና አዶኒስ» እንይዛለን፤ እዚያ የፍቅር አምላኳ ቬነስ አዳኙን ወጣት አዶኒስን ትለማመጣለች።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- «ሄሮ እና ሊያንደር»፣ የስንኝ ቁጥር በኅዳጉ ላይ ያለው እትም። ቁጥር ከሌለው በየአምስት ስንኙ በእርሳስ ራሳችሁ ቁጠሩበት።
- «ቬነስ እና አዶኒስ»። ጊዜ ካጠረ ቢያንስ ከ259 እስከ 408 እና ከ673 እስከ 720 ያሉት ስንኞች።
- ስለ ግሪክና ሮም አማልክት የሚያስረዳ አነስተኛ መዝገበ ቃላት።
- ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እርሳስ።
- የመዳፍ ስፋት ያላቸው ካርዶች፤ ለአንድ ከፈር መውጣት አንድ ካርድ።
- ሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት። በአንድ ሌሊት ለመጨረስ የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ ደረጃ 6ን ይዘለዋል፤ ሥራው የሚበላሽም እዚያ ነው።

አሠራሩ

1. የስንኝ አቆጣጠራችሁን ወስኑ።

ማርሎ የጻፈው 818 ስንኝ ነው። ግጥሙ በ1598 እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ ታተመ፤ በመጀመሪያ የማርሎ ብቻ፣ ቀጥሎ ጆርጅ ቻፕማን ከጨመረው ቀጣይ ታሪክ ጋር። ግጥሙን «ሴስቲያድ» በሚባሉ ስድስት ክፍሎች የከፈለውም ቻፕማን ነው። የማርሎ ድርሻ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ናቸው፦ አንደኛው 484 ስንኝ፣ ሁለተኛው 334።

አንዳንዱ እትም ሁለተኛውን ክፍል እንደገና ከ1 ይጀምራል፤ ሌላው ቆጠራውን እስከ 818 ያስቀጥላል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ላይ በሁለተኛው ክፍል 153ኛ ስንኝ የሆነው ሌላው ላይ 637ኛ ይሆናል። የትኛውን አቆጣጠር እንደያዛችሁ በመጀመሪያው ካርድ ራስጌ ላይ ጻፉ። ይህን ያልጻፈ ሰው ከሳምንት በኋላ የገዛ ጥቅሱን ፈልጎ ያጣዋል። እዚህ በየክፍሉ ከ1 የሚጀምረውን አቆጣጠር እንጠቀማለን።

2. አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ሳታቋርጡ አንብቡ።

መዝገበ ቃላት አትክፈቱ። «ታሪኩ የት ሄደ?» ብላችሁ ትዕግሥት ያጣችሁበት ቦታ ላይ ብቻ በኅዳጉ አንድ ጭረት አድርጉ። ያ የመጉላላት ስሜት መረጃ ነው። ገጣሚው እናንተን በማዘግየት የሚሠራው ሥራ አለ፤ መዘግየቱን ሳይቀምሱ ስለ መዘግየት መጻፍ ደግሞ አይቻልም።

መጀመሪያው ስንኝ ላይ ግን ቆም በሉ። ማርሎ ገና ሲጀምር ሄሌስፖንት የተባለውን ወሽመጥ በእውነተኛ ፍቅር ደም ጥፋተኛ ያደርገዋል። መጨረሻውን ነገረን ማለት ነው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መዘግየት «ይድኑ ይሆን?» የሚያሰኝ አይደለም። አለመዳናቸውን አውቀናል። የቀረው ጥያቄ ለምን እንደሚጠፉ ነው። ይህን ጥያቄ በካርድ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡት፤ በደረጃ 6 ትፈልጉታላችሁ።

3. መውጫውንና መመለሻውን ፈልጉ።

ማርሎ ሁለቱንም በሮች በግልጽ ምልክት ያደርጋል። በአንደኛው ክፍል 385ኛው ስንኝ ላይ ተራኪው «ጥቂት አድምጡኝ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ» ይላል፤ በ386 ሜርኩሪ ይገባል። ታሪኩ እስከ ክፍሉ መጨረሻ፣ እስከ 484 ይሄዳል። ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር «በዚህ መሃል» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ወደ ሄሮ ይመልሰናል።

አሁን በሁለተኛው ክፍል 227ኛውን ስንኝ ተመልከቱ። ከባሕር አምላኩ ከኔፕቱን ወደ ሊያንደር የምንመለሰው በዚያው ሐረግ ነው። ሁለት ጊዜ መድገሙን ያስተዋለ አንባቢ ሦስተኛውን ሲያይ ወዲያው ያውቀዋል። መውጫውን በሦስት ማዕዘን፣ መመለሻውን በክብ ምልክት አድርጉ።

4. ዓይነቱን በቀለም ለዩ።

ቀይ፦ የራሱ ገጸ ባሕርያትና የራሱ ድርጊት ያለው የጎን ታሪክ። ሜርኩሪና እረኛዋ፣ ኔፕቱን ለሊያንደር የሚጀምርለት የእረኛ ተረት።

ሰማያዊ፦ ድርጊቱ ቆሞ ልብስ፣ ሕንፃ ወይም የሰው መልክ የሚገለጽበት ቦታ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ መግለጫው ውስጥ ታሪክ ሊደበቅ ይችላል። የሄሮን እጅጌ ውሰዱ (ከ11 እስከ 14)። ጨርቁ አረንጓዴ ነው፤ ዳሩ ላይ ጫካ አለበት፤ በጫካው ውስጥ ቬነስ ራቁቷን ሆና፣ ፊት የሚነሳትን ኩሩውን አዶኒስን ለማስደሰት ትታገላለች። ሄሮ በድንግልና የምትኖር የቬነስ ቤተ መቅደስ አገልጋይ ናት። ክንዷ ላይ የተሸከመችው ግን የምትለማመጥና የምትናቅ አምላክ ታሪክ ነው። አራት ስንኝ ብቻ ነው፤ ሆኖም ቀሚሷ ከአንደበቷ በፊት ተናግሯል። ከ135 ጀምሮ የሚገለጸው ቤተ መቅደስም እንዲሁ ነው፦ ወለሉ ላይ የሚታየው የአማልክቱ ድፍረትና ቅሌት ሲሆን፣ ሄሮ መሥዋዕት የምታቀርበው እዚያው ላይ ነው።

አረንጓዴ፦ ተራኪው ድርጊቱን አቁሞ አጠቃላይ አባባል የሚናገርበት አንድ ወይም ሁለት ስንኝ። ለምሳሌ በሁለተኛው ክፍል 225 እና 226 ላይ፣ ጥልቅ የማግባባት ንግግር ያልቻለውን ስጦታ ይችለዋል የሚለው።

ከፈር መውጣት ያልሆነውንም እወቁ። ሊያንደር ሄሮን ለማሳመን የሚያደርገው ረጅም ንግግር (ከ199 ጀምሮ) ርዝመቱ ብዙዎችን ያሳስታል። ንግግሩ ራሱ ድርጊት ነው፤ ልጅቷን ወደ ሌላ ውሳኔ እየገፋ ነው። መለኪያው ይህ ነው፦ ስንኞቹ ሲያልቁ በዋናዎቹ ሰዎች መካከል የተለወጠ ነገር ካለ ታሪኩ አልቆመም ነበር።

5. ለኩ።

የስንኙን ብዛት ቁጠሩና ለክፍሉ አካፍሉት። ሜርኩሪ ከ385 እስከ 484 መቶ ስንኝ ነው፤ የአንደኛው ክፍል አንድ አምስተኛ። የኔፕቱን ክፍል ከ153 እስከ 226 ሰባ አራት ስንኝ ነው፤ የሁለተኛው ክፍል ከአምስት እጅ አንዱን ትንሽ ያልፋል። ገጣሚው ከየክፍሉ ተመሳሳይ ድርሻ ለጎን ታሪክ ሰጥቷል ማለት ነው። ቁጥሩ በራሱ ማስረጃ አይሆንም። ግን «ረጅም» እና «አጭር» የሚሉ ቃላትን ከድርሰታችሁ ያስወጣላችኋል።

6. ቆርጣችሁ ገጥሙ።

ከመመሪያው ሁሉ ይበልጥ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ነው። የጎን ታሪኩን በወረቀት ሸፍኑና ከመውጫው በፊት ያለውን ስንኝ ከመመለሻው ስንኝ ጋር አያይዛችሁ አንብቡ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ድርጊቱ ይገጥማል? ከገጠመስ ምን ጠፋ?

ሜርኩሪን ሸፍኑ። ከ385 በፊት የሆነው ይህ ነው፦ የፍቅር አምላኩ ኩፒድ ሄሮን በቀስቱ ወግቶ፣ ወደ ዕጣ ፈንታ እህቶች ቤት በርሮ፣ ሁለቱ ፍቅረኞች እንዲባረኩ ይለምናል። እህቶቹ በአስፈሪ ፊት ያዩታል፤ አንዲት ቃል እንኳ አይመልሱለትም። ቀጥሎ የሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ፦ በዚህ መሃል ሄሮ የሊያንደርን ፊት አይታ ራሷን ስታ ወደቀች። ድርጊቱ ስፌቱ ሳይታወቅ ይገጥማል።

እንግዲህ ምን ጠፋ? የዕጣ ፈንታ እህቶች ኩፒድን የጠሉበት ምክንያት ጠፋ። የሜርኩሪ ታሪክ እንዲህ ነው፦ እረኛዋ ለፍቅሯ ዋጋ የአማልክትን መጠጥ ትጠይቃለች፤ ሜርኩሪ ይሰርቅላታል፤ የአማልክቱ ንጉሥ ጁፒተር ይቆጣል። ሜርኩሪ ሊበቀል ስለፈለገ ኩፒድ የዕጣ ፈንታ እህቶችን በሜርኩሪ ፍቅር ያነድዳቸዋል። እነሱም የሰውን የዕድሜ ክር የሚቆርጠውን ስለት ሳይቀር ያቀርቡለታል። በእነሱ ኃይል ጁፒተርን ከዙፋኑ ያስወርዳል፤ ከዚያ ፍቅራቸውን ይንቃል። እህቶቹ ጁፒተርን ይመልሱታል፣ ኩፒድንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይጠሉታል። ሄሮና ሊያንደር የሚጠፉት እንግዲህ በራሳቸው ጥፋት አይደለም፤ ሌላ ሰው በሌላ ጊዜ የናቀው ፍቅር ዕዳ ነው የወደቀባቸው።

አሁን በደረጃ 2 የጻፋችሁትን ጥያቄ አምጡ። ማርሎ የጻፈው ክፍል የሁለቱ የመጀመሪያ ሌሊት ነግቶ ያበቃል፤ በመጀመሪያው ስንኝ የተነገረው ሞት በእሱ እጅ አልተተረከም። በ818ቱ ስንኝ ውስጥ ዕጣቸው ለምን እንደከፋ የሚነግረን ይህ ብዙዎች የሚዘሉት ክፍል ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ድርጊቱ ከገጠመ «ቢቀርም ምንም አይጎድልም» ወደሚል ድምዳሜ አትሩጡ። ፈተናው የሚለካው ድርጊትን ብቻ ነው። ድርጊት ሳይጎድል ምክንያት፣ ስሜት ወይም ማስጠንቀቂያ ሊጎድል ይችላል።

7. ካርዱን ሙሉ።

አምስት ጥያቄ በቂ ነው። ለሜርኩሪ የተሞላው ይህን ይመስላል።

ሲወጣ የተቋረጠው ምንድን ነው? የኩፒድ ልመና መልስ።
ማን ይተርካል? ራሱ ተራኪው፣ አንባቢን በቀጥታ ጠርቶ።
የፍቅሩ ዓይነት ከዋናው ጋር ይመሳሰላል? ይመሳሰላል፣ ግን ዋጋ የሚጠየቅበትና የሚናቅ ፍቅር ነው።
የጎን ታሪኩ ራሱ ከፈር ይወጣል? ከ471 እስከ 482 ይወጣል። ስለ አማልክት የተጀመረው ወሬ ምሁር ሁሉ ለምን ድሃ እንደሆነ፣ ወርቅ ለምን ወደ መሃይሙ እንደሚሮጥ ወደሚል ምሬት ይዞራል። 483 እና 484 በሁለት ስንኝ ብቻ ወደ ኩፒድ ይጎትቱታል።
ስንመለስ ምን አወቅን? ልመናው ለምን እንዳልተሰማ።

አራተኛው ጥያቄ ላይ ቆዩ። በአሥራ ሁለት ስንኝ ውስጥ የምንሰማው ድምፅ የፍቅር ተራኪ ሳይሆን ቅር የተሰኘ የተማረ ሰው ድምፅ ነው። ይህን ያየ አንባቢ ቀሪውን ግጥም ሲያነብ ተራኪውን እንደ ገለልተኛ ታዛቢ አይወስደውም።

8. የኔፕቱንን ክፍል በስንኝ በስንኝ ክፈቱ።

ሊያንደር ልብሱን አውልቆ ባሕር ይገባል። ኔፕቱን የጁፒተር ጽዋ አሳላፊ የነበረው ጋኒሜድ መስሎት ወደ ባሕሩ ወለል ይስበዋል፤ ልጁ ሊሞት ሲል አይቶ ወደ ላይ ያወጣዋል (170 አካባቢ)። ከዚያ ሄሌ የተባለችውን ልጃገረድ አምባር ክንዱ ላይ አጥልቆለት ባሕሩ ከቶ እንደማይጎዳው ይምልለታል (180 አካባቢ)። የመጀመሪያውን ስንኝ ያስታወሰ አንባቢ መሐላው እንደማይጠበቅ ያውቃል። ከዚህ በላይ የተደረገው ነገር ደግሞ የሚመጣው መስጠም ልምምድ ነው፤ ሊያንደር አንድ ጊዜ ወርዶ ወጥቷል።

በ192 ሊያንደር «ተሳስተሃል፣ እኔ ሴት አይደለሁም» ይላል። ኔፕቱን ፈገግ ብሎ ከ193 ጀምሮ ተረት ይጀምርለታል፦ አንድ እረኛ ከአንድ እጅግ ውብ ልጅ ጋር ይጫወት ነበር፤ ልጁ የውኃ ልጃገረዶች ስበው እንዳያስገቡት ፈርቶ ከወንዙ መጠጣት አይደፍርም ነበር። ተረቱ ውስጥ ያለው ልጅ የሚፈራው ነገር አድማጩ ላይ በዚያች ሰዓት እየደረሰ ያለው ነው። በ201 ሊያንደር ተረቱን ገና እኩሌታው ሳያልቅ ያቋርጠዋል፤ ፀሐይ እየጠለቀች ነው፣ ሄሮ ትጠብቃለች። በዚህ ግጥም ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ የጎን ታሪክን እምቢ ሲል የምታዩት እዚህ ነው፤ እናንተ ሜርኩሪ ላይ የተሰማችሁን ሊያንደር በአፉ ይናገረዋል። በደረጃ 2 ያደረጋችሁት ጭረት አሁን ጥቅም ላይ ይውላል።

9. ከ«ቬነስ እና አዶኒስ» ጋር አነጻጽሩ።

ይህ ግጥም በ1593 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን 1194 ስንኝ አለው፤ እያንዳንዱ አንጓ ስድስት ስንኝ ነው። ከ259 እስከ 324 ያሉት አሥራ አንድ አንጓዎች የአዶኒስ ድንጉላ አንዲት ባዝራ አይቶ ልጓሙን በጥሶ ሲከተላት ይተርካሉ። ደረጃ 6ን እዚህ ላይ ሞክሩት፤ አይገጥምም። ፈረሱ ባይሸሽ ኖሮ አዶኒስ ጋልቦ ይሄድ ነበር፤ በ380 ገደማ ፈረሴ ጠፋ ብሎ ቬነስን የሚወቅሰውም ለዚህ ነው። ከ385 ጀምሮ ቬነስ ያንኑ ፈረስ ምሳሌ አድርጋ ትከራከርበታለች። አንዱ የጎን ታሪክ ምክንያት ሰጠ፣ ሌላው መንገድ ዘጋ። ሁለቱን አንድ ስም ሰጥታችሁ አንድ ሥራ አትስጧቸው።

ቬነስ ለአዶኒስ ስለ ጥንቸል አደን የምታወራበት ክፍል (ከ673 እስከ 720) አጭር ነው፤ መመለሻውን ብቻ እዩ። በ715 ቬነስ ራሷ «የት ነበር ያቆምኩት?» ትላለች፤ አዶኒስም የትም ይሁን፣ ተይኝና ታሪኩ ያኔ በደንብ ያልቃል ይላታል። ፈር የለቀቀችው ተናጋሪዋ ናት፤ ወሬውን የምታራዝመው እሱን ለማቆየት ነው።

10. ጻፉ።

ለ1500 ቃል ድርሰት አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ከፈር መውጣት ይበቃል፤ ለምሳሌ ሜርኩሪና የሄሮ እጅጌ። ሁሉንም ለመሸፈን የሞከረ ድርሰት ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። ታሪኩን መልሳችሁ የምትተርኩት ከ80 ቃል ባልበለጠ ይሁን። በአንድ ጊዜ ከአራት ስንኝ በላይ አትጥቀሱ፤ ከእያንዳንዱ ጥቅስ በኋላ ቢያንስ የጥቅሱን ሦስት እጥፍ ትንታኔ ስጡ።

የመነሻ ዓረፍተ ነገራችሁ ሦስት ነገር ይያዝ፦ የት፣ ምን ሠራ፣ ቢወጣ ምን ይጠፋል። ደካማው እንዲህ ይላል፦ «ማርሎ ግጥሙን ለማሳመር የሜርኩሪን ታሪክ አስገብቷል።» የተሻለው፦ «ከ385 እስከ 484 ያለው የሜርኩሪ ታሪክ ድርጊቱን ወደፊት ባይገፋም፣ የፍቅረኞቹ ጥፋት ከራሳቸው ሳይሆን ከዕጣ ፈንታ እህቶች ቂም የመጣ መሆኑን የሚያስረዳ ነው፤ ቢወጣ ሞታቸው ምክንያት አልባ ይሆናል።» ሁለተኛውን አንድ ሰው ሊከራከረው ይችላል፤ ድርሰት ለመሆን የሚያበቃውም ይህ ነው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ሜርኩሪን የጥንቱ ታሪክ አካል ማድረግ። ማርሎ የተነሳበት፣ ሙሴዎስ የተባለ የጥንት ገጣሚ የጻፈው የግሪክኛ ግጥም 343 ስንኝ ነው፤ የሜርኩሪ ታሪክ በውስጡ የለም። ማርሎ የጨመረው መሆኑ ለድርሰታችሁ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ሳታውቁ አትጣሉት።

ሰምና ወርቅ መፈለግ። በቅኔ ያደገ አንባቢ የጎን ታሪኩን እንደ ሰም ቀልጦ የሚወገድ፣ ከሥሩ አንድ ወርቅ የሚገኝበት አድርጎ ያየዋል። እዚህ ግን ታሪኩ ከላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ሜርኩሪ የሌላ ሰው ስውር ስም አይደለም። «ወርቁ ማነው?» ከማለት «ከጎኑ ካለው ጋር ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

ግጥሙ ያልተጠናቀቀ ነው በሚል ሁሉንም መዝጋት። የ1598ቱ እትም መጨረሻ ላይ አንዳንድ ነገር ይጎድላል የሚል የላቲን ማስታወሻ አለ። ይህ ማስታወሻ የጎን ታሪኮቹ ለምን እንደገቡ አያስረዳም።

ዓመተ ምሕረት ማደባለቅ። 1593 እና 1598 በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ብላችሁ ካልጻፋችሁ በአማርኛ ድርሰት ውስጥ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ይፈጠራል።

የቻፕማንን ለማርሎ መስጠት። በአምስተኛው ሴስቲያድ ቴራስ የተባለችው የምትተርከው የሰርግ ታሪክ በጣም ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ ብዙ ተማሪ ይወደዋል፤ ያ ግን የቻፕማን ነው። ልትጠቀሙበት ከፈለጋችሁ በራሱ ካርድ፣ በራሱ ገጣሚ ስም ጻፉት።